ከጾም በኋላ ወደ ገበታ ስለ መመለስ

በናይሮቢ ከተማ፣ በሩንዳ፣ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



ስለ ጾም ራሱ ለመናገር አልተነሣሁም። ስለ ጾም የሚያስተምሩ ሊቃውንት በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አሉን፤ እኔም የሥነ ሕይወት መምህር እንደ መሆኔ መጠን የእነርሱን ወንበር ለመሻማት አልደፍርም። የእኔ ነገር የሚጀምረው የእነርሱ ትምህርት ከሚያበቃበት ላይ ነው፤ ይኸውም ጾሙ ተፈጽሞ ሰው ወደ ገበታ በሚመለስባት ሰዓት በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ በዚያችም ሰዓት ምን ቢያደርግ እንደሚጠቀምና ምን ቢያደርግ እንደሚጎዳ ለማስረዳት ነው። ብዙ ሰው አደጋው ሁሉ በመራቡ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ ቀን ከምግብ የተለየ ሰው ምግቡ የተመለሰለት ዕለትም ከታላቅ አደጋ ላይ እንደሚቆም፣ አደጋውንም የሚያመጣበት አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሰው እጅ መሆኑን ልናውቅ ይገባናል።

ይህን በሩንዳ መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የፋሲካ ማግስት ሰኞ የሥራ ቀን ቢሆንም መምህሩም ተማሪውም ከአንድ ዐይነት ገበታ ተነሥተው ስለሚመጡ አንዱ የሌላውን ሁኔታ ሳይነገረው ያውቃል። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሩንዳ ከጊጊሪው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አጠገብ የምትገኝ መንደር በመሆኗ በአንድ ክፍል ውስጥ የብዙ አገር ልጆች ይቀመጣሉ፤ ኬንያ የምታከብረውም ፋሲካ የምዕራባውያኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. የእነርሱና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በ2016 ዓ.ም. ግን የእነርሱ መጋቢት 22 ሲሆን የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር፤ በመካከሉ አምስት ሳምንት አለ። እንዲህ ባለው ዓመት የእኛ ልጅ ቅዳሜ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዶሮ ወጥ በልቶ፣ እሑድን ከቤት ቤት ሲጋበዝ ውሎ ሰኞ ማለዳ ከክፍል ሲገባ፣ ሆዱን ይዞ ቢያቃስት ወይም ዐይኑ በእንቅልፍ ቢከደን የሌላ አገር ሰው የሆነው መምህሩ ምክንያቱን ከየት ያውቃል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ለይቼ ልናገር፤ ይህ ካልተለየ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ያለ ፍሬ ያስፈራል። ዐቢይ ጾማችን 55 ቀን ነው። ቁጥሩን የሰማ የውጭ አገር ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን ይህ ማለት 55 ቀን ሙሉ መራብ አይደለም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይቀራል፤ ቀኑም እስከ ቀትር በኋላ ያለ ምግብ ይታለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ፣ ዘይቱ አለ። እንዲህ አድርጎ የጾመ ጤነኛ ሰው በፋሲካ ዕለት የሚያገኘው ቢበዛ የሆድ መታወክ ነው። ከስቅለት ጀምሮ፣ አንዳንዱም ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ፣ እህልም ውኃም ሳይቀምስ አክፍሎ የሚያድር ሰው ደግሞ ሁለተኛው ዐይነት ነው፤ የእርሱ የመጀመሪያ ጉድለት የውኃ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሰጋው ከአምስት ቀን ለሚበልጥ ጊዜ ምንም ያልበላ ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ የቀመሰ ሰው ነው። ይህን ሰው በረኃብ አገር ብቻ አንፈልገው። በሱባኤ ከርሞ ከጸበል የተመለሰ፣ በበሽታ አልጋ ላይ የሰነበተ፣ ወይም ዛሬ እንደሚታየው ሰውነቱን ለመቀነስ ብሎ ሳምንት ሙሉ ውኃ ብቻ የሚጠጣ ወጣት ሊሆን ይችላል።

ስለ መጀመሪያው ዐይነት አያቶቻችን ከመጽሐፍ ሳይማሩ ብዙ ያውቁ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ከቤት ሲገባ ከወጡ በፊት የሚቀርበው የተልባ መጠጥ ነው። ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ልጋግ ባዶ የዋለውን ጨጓራ ለብጦ ከበርበሬው ይጋርደዋል፤ አሰሩም አንጀትን ያለሰልሳል። በዚያውም ላይ ሰውየው ሳያውቀው አንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣ ማለት ነው፤ በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። (መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከተልባው ጋር አብሮ አይዋጠው፤ ልጋጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይደርስ ሊያዘገየው ይችላልና ጥቂት ሰዓት ያራርቀው።) ዛሬ በየቤታችን የተልባውን ቦታ ከማቀዝቀዣ የወጣ ለስላሳ ሲይዘው አያለሁ። የስኳር ውኃ በባዶ ሆድ ላይ ማፍሰስ ለልጁ ደስታ ካልሆነ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ከተልባው በኋላ ዶሮ ወጡ ይመጣል። ዶሮ ወጥ ክፉ ምግብ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ቅቤው፣ በርበሬው፣ ጨውና እንቁላሉ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ እንመልከት። ቅባት ወደ አንጀት ሲገባ የሐሞት ከረጢት ተጨብጦ ሐሞቱን ይረጫል፤ በከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው በዚያ ጊዜ በቀኝ ጎኑ ብርቱ ሕመም ሊነሣበት ይችላል። ወተት ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ከእኛ ሕዝብ ብዙው ሰው ካደገ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሆኖም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ሰው በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ደቂቅ ሕዋሳት ስለሚለምዱት ይችለዋል። ሁለት ወር ገደማ ሲቋረጥ ልማዱ ይጠፋል። ስለዚህ በፋሲካ ማለዳ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት የጠጣ ልጅ ሆዱ ቢነፋና ቢያስቀምጠው ወተቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ በእርጎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ወተቱ ቢኬድ ይሻላል። ቁርጥና ጥሬ ክትፎን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ሥጋው ከዳጎሬቲ ቄራ ማኅተም ተመቶበት ቢመጣ እንኳ በመጀመሪያው ቀን በስሎ ቢበላ ምን ይጎድላል? ጠጁም ቢሆን ምግብ ከቀደመው በኋላ፣ ያውም በጥቂቱ ይሁን፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ መጠጥ የደምን ስኳር ያወርዳልና። በልቶ ወዲያው መጋደምም ጨጓራው ያላቀውን ወደ ጉሮሮ ስለሚመልሰው ልብን ያቃጥላል፤ ሌሊቱ እንቅልፍ የሚጎትት ቢሆንም ትንሽ በልቶ፣ ትንሽ ተቀምጦ፣ ከዚያ ተኝቶ፣ የቀረውን ረፋድ ላይ መብላት የሚገባው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ፍቅር አለ። በጉርሻ ላይ ጉርሻ ይጨመራል፤ «በቃኝ» ያለው እንግዳ «በሞቴ» ይባላል፤ «አፈር ስሆን» ሲባልም እንቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው ይውጣል። ይህን ልማድ የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው የእናት እጅ ጉርሻ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሦስት ቀን ያከፈለ አዛውንት በመጀመሪያው ማዕድ ላይ ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ሲባል ዝም ብሎ ማየት አይገባም እላለሁ። የቤቱ ባለቤት መሐላውን ለማግስቱ ያቆየው።

ሙስሊሞች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህንኑ ሥርዓት በረመዳን በየማታው ይፈጽሙታል። በጥቂት ቴምርና በውኃ ማፍጠር፣ ከዚያ ተነሥቶ መስገድ፣ ከሰላት በኋላ ወደ ሾርባውና ወደ ዋናው ምግብ መመለስ ለሆድ የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጠዋል። ችግር የሚመጣው ሳምቡሳው ከቴምሩ ጋር እኩል የተነሣ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዐይነት እንመለስ፤ ሕይወት የሚጠፋው በዚህ ላይ ነውና።

ጎተራዋ የጎደለባት የቤት እመቤት ኑሮዋን እንደምትለውጥ ሁሉ ምግብ ያጣ ሰውነትም አኗኗሩን ይለውጣል። መጀመሪያ በጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ይጨርሳል፤ ይህ ከአንድ ቀን ብዙ አያልፍም። ከዚያም በኋላ ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ ከጡንቻውም ይበደራል። ስኳርን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ሥራ ስለሚያጣ ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሕዋሳት ውስጥ ያሉት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ማዕድናት እየተመናመኑ ይሄዳሉ፤ ቫይታሚን ቢ 1 ም እንዲሁ። የሚያታልለው ነገር ደሙ ሲመረመር ማዕድናቱ የተሟሉ መስለው ሊታዩ መቻላቸው ነው። ሰውየው ደክሟል፣ ከስቷል፣ ነገር ግን ሰውነቱ በትንሹ መኖርን ስለ ለመደ ይኖራል።

እንግዲህ በዚህ ሰው ፊት ሙሉ ገበታ ይቀርባል። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ስኳሩ ወደ ደም ሲገባ ኢንሱሊን በድንገት ይነሣል፤ ሕዋሳቱም ስኳሩን ሊሠሩበት በራቸውን ይከፍታሉ። እንጀራ ያለ ምጣድ እንደማይጋገር ሁሉ ስኳርም ያለ ፎስፈረስ ኃይል አይሆንም። ስለዚህ በደም ውስጥ የቀረችው ጥቂት ፎስፈረስ ከፖታሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ወደ ሕዋሳቱ ትሳባለች፤ ደሙም ባዶውን ይቀራል። ልብ ያለ እነዚህ ማዕድናት ምቱን መጠበቅ አይችልም፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ታግዶ እግር ያብጣል፤ በቫይታሚን ቢ 1 ጉድለትም አእምሮ ሊቃወስ ይችላል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው መመገብ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ነው። ቤተሰቡ «እሰይ፣ መብላት ጀመረለት» እያለ በሚደሰትበት ሳምንት ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በሮማውያን በተከበበች ጊዜ ከከተማይቱ ያመለጡት ርኁባን ያገኙትን ምግብ ያለ ልክ በልተው እንደ ሞቱ፣ የተረፉትም ራሳቸውን ገትተው በጥቂት በጥቂቱ የበሉት እንደሆኑ ጽፏል። በእኛ ዘመን አቅራቢያም በ1937 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በርገን ቤልሰን የተባለውን የናዚዎች እስር ቤት ነጻ ባወጣ ጊዜ ወታደሮቹ አዝነው ከስንቃቸው የቆርቆሮ ሥጋና ቅባት ለእስረኞቹ አካፈሉ። ከነጻነቱ በኋላ ከ13,000 በላይ እስረኞች ሞቱ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የገደላቸው የተስቦ በሽታና የቆየ ረኃብ ቢሆንም፣ በርኅራኄ የተሰጠው ያ ከባድ ምግብ የገደላቸው እንደ ነበሩ ሐኪሞቹ በኋላ ተረድተዋል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ምግብ አቆይቶ እንዴት እንደሚያገግሙ አጥንቶ ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፤ እነዚያ ወጣቶች ምግብ ከተመለሰላቸው በኋላም ለብዙ ጊዜ ጥጋብ አልተሰማቸውም። ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ይርባቸው ነበር። እንግዲህ ከረኃብ የተመለሰን ሰው «እስክትጠግብ ብላ» ማለት፣ መለኪያው የተሰበረበትን ሰው በመለኪያው ለካ ማለት ነው።

ወደ ምንኖርባት አገር ስንመለስ፣ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በኪሊፊ አውራጃ በሻካሆላ ጫካ የተገኘውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሰዎቹ በረኃብ ቢሞቱ ወደ ሰማይ እንደሚገቡ የተሰበከላቸው ነበሩ፤ ከ400 በላይ አስከሬን ከጉድጓድ ወጣ፤ ከእነርሱም ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በሕይወት የተገኙት ወደ ማሊንዲ ሆስፒታል ሲወሰዱ ምግብ አንቀበልም ያሉ ነበሩባቸው። ይህን ጾም ብሎ መጥራት ጾምን መስደብ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰው በመንገድ ያገኘ ደግ ገበሬ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት፤ ኡጋሊውን ቆርሶ እስኪበቃው ያበላዋል። በደግነቱም ሊገድለው ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይመገብ? ለረኃብ የተጎዱ ሕፃናት ሆስፒታሎች የሚሰጡት ኤፍ 75 የተባለው ወተት ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ ብቻ አለው፤ ሆን ተብሎ ቀጥኗል። በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በጥቂቱ ይሰጣል። ሕፃኑ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ ሲቀንስ ብቻ 100 ካሎሪ ወዳለው ወደ ኤፍ 100 ወይም ወደ ለውዙ ቅባት ይሻገራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪሙ የሚሻው ሕፃኑ እንዲወፍር ሳይሆን ሰውነቱ እንዲረጋ ነው። ወተት የተመረጠውም ለልጅ ተስማሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያ የጎደለው ፎስፈረስ ስላለበት ጭምር ነው።

ለትልቅ ሰውም አካሄዱ አንድ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ሳይበላ የቆየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከወትሮው ምግቡ ግማሽ አይለፍ። ከአሥር ቀን በላይ የቆየ፣ ወይም እጅግ የከሳ፣ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው በቤት ሳይሆን በሐኪም ዐይን ሥር ይጀምር፤ ሐኪሞቹ እንዲህ ላለው ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 10 ካሎሪ ገደማ ይመድቡለታል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 500 ካሎሪ መሆኑ ነው፤ ይህም ለቀኑ ሙሉ ሲሆን ከአንድ የበዓል ሳህን አይበልጥም። ቫይታሚን ቢ 1 ም ከምግቡ አስቀድሞ ይሰጠዋል። አጥሚት ለአራስና ለደካማ መስጠት የለመዱት እናቶቻችን በመንገዱ ላይ ነበሩ፤ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ወተት ወይም እርጎ ጠብ ተደርጎበት፣ ስኳሩ ቀንሶ፣ በትንሽ ስኒ ቶሎ ቶሎ ቢሰጥ መልካም መጀመሪያ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ30ኛው ምዕራፍ የዳዊት ሰዎች በሜዳ ያገኙት ግብፃዊ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አልበላም አልጠጣም ነበር፤ የሰጡትም እንጀራና ውኃ፣ ቁራጭ የበለስ ጥፍጥፍና ሁለት የዘቢብ ዘለላ ነው፤ ነፍሱም ተመለሰች። የታረደ በግ አላቀረቡለትም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ልግባ። የክፍል ኃላፊዎች የእኛን ፋሲካና የኢድን ቀን በዓመቱ መጀመሪያ ከቀን መቁጠሪያቸው ላይ ቢጽፉት፣ በማግስቱም ፈተናና የሩጫ ውድድር ባያደርጉ ልጆቹም መምህራኑም ያርፋሉ። የምግብ ቤቱ ኃላፊም በዚያ ቀን የሚቀርበው ቀላል፣ ቅባቱ ያነሰ፣ ውኃው የበዛ ቢሆን ማስታወክን ይቀንሳል። የስኳር በሽታ ያለበት ተማሪ ወይም መምህር በጾሙ ወራት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ለውጦ እንደሆነ ጾሙ ሳያልቅ ሐኪሙን ጠይቆ የመመለሻውን መጠን ይያዝ፤ በበዓሉ ሌሊት በግምት የሚደረግ ነገር አይደለም። የደም ግፊት ያለበትም እንዲሁ፤ የበዓል ወጥ ጨው የበዛበት ነውና።

ከአዳሪ ትምህርት ቤት መምህራን ጋር ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለኝ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ከብቱ አለቀ፤ ከእንዲህ ያለ አገር የሚመጣ ልጅ ከትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ ስንት ቀን ሳይበላ እንደ ቆየ አይናገርም፤ ያፍራል። መምህሩ ሊያየው የሚችለው ምልክት አለ። የልጁን ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለጥቂት ቅጽበት ተጭኖ ሲለቅ ጣቱ የገባበት ጎድጎዶ ከቀረ ውኃ ቋጥሯል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ ምግብ አዳራሹ አይላክ። ከእርሱ ጋር የመጣ ታናሽ ቢኖርና ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ቢሆን የክንዱ መካከል ዙሪያ ሲለካ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ያው ነው።

በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት፣ ከረዥም ጊዜ በኋላ መብላት የጀመረ ሰው ልቡ ያለ ሥርዓት ቢመታ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ እግሩ ቢያብጥ፣ ጡንቻው ቢዝል፣ ወይም ንግግሩ ቢዘበራረቅ ማለዳን መጠበቅ አይገባም፤ በዚያችው ሌሊት ይወሰድ። የወሰደውም ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባው የሕመሙን ስም አይደለም፤ ስንት ቀን ሳይበላ እንደ ቆየና መብላት ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ነው። ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ድካሙን አይቶ የስኳር ውኃ በደም ሥሩ ሊያስገባለት ይችላል፤ ከሰማ ግን ከስኳሩ በፊት ቫይታሚን ቢ 1 ሰጥቶ ፎስፈረሱን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙን ያስመረምራል።